አሥራ ሰባተኛው ራስ

ምላጭ ስንት ጊዜ ያገለግላል ብትሉኝ መልሴ ዝግጁ ነው፤ አሥራ ስድስት ራስ። አሥራ ሰባተኛው ላይ ያስለቅሳል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። አሥራ ሰባተኛው ራስ የእኔ ነበር።

በ1972 ዓ.ም. የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ ጾመ ድጓ እንድማር ብሎ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ወስዶ ለየኔታ አስረከበኝ። አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ዝማሬ መዋሥዕት የሚያስመሰክር እዚያው ጋይንት ወደ ዙር አባ ይሄዳል፤ አቋቋም የሚሻ ወደ ጎንደር ያቀናል። ድጓ አውቃለሁ፣ ወንበር ዘርግቼ ላስተምር የሚል ሰው ግን የትም ይማር የት፣ መጨረሻው ቤተ ልሔም ነው። እኔ ለዚያ ወግ አልበቃሁም። ሁለት ዓመት ቆይቼ ወደ አስኳላ ኮበለልኩ። ዞሮ ዞሮ የዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ መምህር ሆንኩና ፀጉሬ እዚያው ሸበተ።

በእኛ በኩል ባሉት ጎጆዎች አሥራ ዘጠኝ ተማሪዎች ነበርን። ቅማል የቆሎ ተማሪ የቅርብ ዘመድ ናትና በየጊዜው ራሳችንን እንላጫለን። ላጫችን ከእስቴ የመጣ ጎልማሳ ደቀ መዝሙር ነበር። ዐርብ ገበያ ደርሶ የተመለሰ ሰው በወረቀት የተጠቀለለች አንዲት ምላጭ ይዞለት ይመጣል። አንዲት ናት፤ ሁለት መግዛት የሚታሰብ አልነበረም። ላጫችን ለሁለት ይሰብራትና ግማሿን በተሰነጠቀ ቀርከሃ አፍ ሰክቶ በክር ያስራታል። ከዚያ በማዕርግ እንሰለፋለን። ድጓቸውን ሊያወጡ የተቃረቡት ከፊት፣ እኛ ገና የመጣነው ከኋላ። ራስ በውኃ ይርሳል፤ ሳሙና ከተገኘ ዓመት በዓል ነው። የፊተኞቹ እያንቀላፉ ይላጫሉ። አሥረኛው ላይ ሲደረስ ፊት መኮሳተር ይጀምራል። የእኔ ተራ ሲመጣ ምላጯ መላጨቷን ትታ መንጨት ይዛለች። ደሜ በማጅራቴ ሲወርድ ላጫችን በአውራ ጣቱ ጠረግ ያደርግና «ዝም በል! ያሬድ እንኳ በጦር ተወግቶ ከዜማው አላቆመም» ይለኛል። ዐፄ ገብረ መስቀል በያሬድ ዜማ ተመስጠው እግሩን በጦር እንደወጉት፣ እሱም እንዳልታወቀው የሚተረከውን ማለቱ ነው። እኔ ግን ታውቆኝ ነበር። ከዜማ ምልክቶቻችን አንዱ «ጭረት»፣ አንዱ ደግሞ «ቁርጥ» ይባላል። ሁለቱንም ከድጓው በፊት በራስ ቅሌ ላይ ተምሬያቸዋለሁ።

ከእኔ በኋላ ሁለት ልጆች ይቀሩ ነበር። አሥራ ስምንተኛውን አስታውሱልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የምላጯ ዕድሜ በዚህ አያበቃም። ራስ ካልበቃት ጥፍር ትቆርጣለች። ከጥፍር ቀጥሎ ብርዕ ትቀርጻለች። ከዚያም ብራና ላይ የተሳሳተ ፊደል ትፍቃለች። ድጓ የሚያስመሰክር ሰው መጽሐፉን በእጁ ይገለብጣል፤ ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ነው። ቀለም ጠፍቶ የማይጠፋው ብራና ላይ ስሕተት የሚታረመው በስለት ተፍቆ ነው። በመካከሉ እባጭ የወጣበት ተማሪ ቢኖር ያቺው ምላጭ ትጠራለች፤ ትበጣለች። በመጨረሻ ዝጋ፣ ጎድጉዳ፣ ክር መበጠሻ ትሆንና ከጎጆው ክዳን ሣር ውስጥ ትሰካለች። «ትጣል» የሚል ሰው ግን አልሰማሁም።

ይህን ንፉግነት ብላችሁ እንዳትስቁ። ቤተ ልሔም መጣል የማያውቅ አገር ነው። ቤተ ክርስቲያኑን እንኳ ተመልከቱ። ቶማስ ፓክነሃም የሚባል አየርላንዳዊ ጸሐፊ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ እዚያ ሲደርስ ያየው ከውጭ ክብ የሣር ክዳን ቤት ነበር። ውስጡ ሲገባ ግን አራት ማዕዘን የሆነ፣ በድንጋይና በእንጨት የታነጸ ጥንታዊ ሕንፃ አገኘ። አባቶቻችን አሮጌውን አፍርሰው አዲስ አልሠሩም፤ በአሮጌው ላይ አዲስ ደረቡበት። እንደዚህ ባለ ቦታ ያደገ ልጅ ምላጭ ጣል ቢሉት ይገባዋል?

ቋንቋችንም ይመሰክራል። ምላጭ ማለት «ላጨ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ መላጫው ብረት ማለት ነው። የጥንቱን ምላጭ የሚሠራው ቀጥቃጭ ነበር። ብረቱን አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ በድንጋይ ስሎ ይሰጣል። ሲዶለዱም እንደገና ይሳላል። ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። ስለዚህ «መቼ ልቀይረው?» የሚባል ጥያቄ በዚያ ዘመን አልነበረም። የነበረው ጥያቄ «መቼ ልሳለው?» የሚል ነው። (የዚያን ብረት ሠሪ «ቡዳ» ብለን ከማዕድ እናርቀው እንደነበር አትርሱ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው በአዋጅ እስከመከልከል የደረሱት በከንቱ አልነበረም። መነኩሴው ራሱን የተላጨው፣ ጸሐፊው ብራናውን የፋቀው በዚያ በተናቀ እጅ ሥራ ነው።)

አንድ ተረት አለን፤ «ውኃ ቢያንቅ በምን ይውጡ፣ ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ»። ተማሪዎቼን ይህን ተረት ፍቱ ስላቸው ሁልጊዜ የሚመልሱት ስለ ዳኛና ስለ ባለሥልጣን ነው። ልክ ናቸው። ይሁን እንጂ እኔ ዕድሜዬ ሲገፋ ቃል በቃል ማንበብ ጀመርኩ። ተረቱ ምላጭን የመድኃኒቶች ሁሉ መጨረሻ ያደርገዋል። ሌላው ሲያብጥ በምላጭ ይበጣል፤ ምላጩ ራሱ ሲያብጥ ግን መላ የለም። ምላጭ ታሞ እንደሚያሳምም አያቶቻችን በጨዋታ መሐል የደረሱበት ይመስለኛል።

አሁን ባሕር እንሻገር። በጎጆአችን ክዳን የተሰካችው ቀጭን ምላጭ የቀጥቃጭ ሥራ አልነበረችም፤ የአንድ አሜሪካዊ ሐሳብ ነበረች። ኪንግ ካምፕ ጂሌት የጠርሙስ ቆርኪ ለሚሠራ ኩባንያ ዕቃ እየዞረ የሚሸጥ ሰው ነበር። የቆርኪው ፈልሳፊ ዊሊያም ፔንተር ሰዎች አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን፣ ጥለውም ተመልሰው የሚገዙትን ነገር እንዲያስብ መከረው። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1895 መጣለት፤ የማይሳል፣ ሲዶለዱም የሚጣል ስስ ምላጭ። እንዲያ የሳሳ ብረት ሊሳል አይችልም ብለው ባለሙያዎች ተስፋ አስቆረጡት። ዊሊያም ኒከርሰን የሚባል መሐንዲስ ግን ማሽኑን ሠራለት። በመጀመሪያው የሽያጭ ዓመት፣ በ1903፣ የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። በ1904 የባለቤትነት መብቱን አገኘ። አሜሪካ አንደኛውን የዓለም ጦርነት ስትቀላቀል ደግሞ መንግሥቷ ለወታደሮቿ 3.5 ሚሊዮን መላጫ አደለ። ከጦርነቱ የተመለሰ ወንድ ሁሉ በየቤቱ ራሱን መላጨት የለመደ ደንበኛ ሆነ።

ከዚህ ሰው ታሪክ የሚያስገርመኝ ሌላ ነው። ምላጩን ከማሰቡ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1894፣ አንድ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ውድድርና ብክነት የሌለበት ኅብረተሰብ፣ በናያጋራ ፏፏቴ ኃይል የምትንቀሳቀስ አንዲት ታላቅ ከተማ የሚያልም መጽሐፍ። ብክነትን ሊያጠፋ ያለመው ሰው፣ መጣልን ንግድ አድርጎ ለዓለም አስተማረ! ከዚያ ወዲህማ ነገሩ ፈጠነ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የማይዝገው ብረት መጣ። በ1975 ደግሞ እስክሪብቶውን ሁላችን የምናውቀው ቢክ እጀታውም ጭምር የሚጣል የፕላስቲክ መላጫ ለገበያ አቀረበ። እነዚህን የዘመን ቁጥሮች በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።

እንግዲህ በእኔ ራስ ላይ የተጋጩት ሁለት ትምህርቶች ናቸው። ጂሌት «ጣል» ይላል፤ የኔታ «አትጣል» ይላሉ። ጂሌት ምላጯን ሲሠራት አንድ ሰው፣ አንድ ጢም፣ ጥቂት ቀን ብሎ ነው። ጋይንት ስትደርስ አሥራ ዘጠኝ ራስ፣ አንድ ብራናና የእባጭ ሐኪም ሆነች። በጥንቱ በወፍራሙ ምላጭ ሕግ አዲሷን ስሷን ምላጭ ገዛናት። ዕቃው ተቀየረ፤ ልማዱ አልተቀየረም። በሌላውም መንደር ያው ነው። እንጥል አውራጇም፣ ሴት ሕፃናትን የምትገርዘውም የያዙት ይህችኑ ነበር፤ ከልጅ ወደ ልጅ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ የሴት ልጅ ግርዛትን በስሙ ጠርቶ ወንጀል እስኪያደርገው ድረስ፣ የብዙ እኅቶቻችን የመጀመሪያ ቁስል በዚህች ብረት ነው የተጻፈው።

ከዚያ ኤድስ መጣ። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1978 ዓ.ም. ነው። በ1990ዎቹ ሬዲዮው፣ ፖስተሩ፣ የቀበሌ ስብሰባው ሁሉ «ስለታማ ነገሮችን በጋራ አትጠቀሙ» ማለት ጀመረ። የአዲስ አበባ ፀጉር አስተካካይ ምላጩን ከወረቀቱ በፊታችን ፈቶ ማሳየት ለመደ። ምላጭ በታሪካችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይዶለድም መጣል የጀመረው ያኔ ነው። ምክንያቱ ደም ነበር እንጂ ስለት አልነበረም። እኔም በዚያ ዘመን መምህር ነኝና ለተማሪዎቼ ይህንኑ ስሰብክ፣ ራሴን ከአደጋው ውጭ አድርጌ ነበር። የቤተ ልሔም ምላጭ በሐሳቤ ሽው ብላ አታውቅም።

በ2002 ዓ.ም. ከተማሪዎቼ ጋር ደም ሰጠሁ። ከጥቂት ቀን በኋላ ተጠራሁ። ደሜ ለሰው አይሆንም። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ተገኝቶብኛል። ሕዝባችን «የወፍ በሽታ» እያለ በጅምላ ከሚጠራቸው አንዱ ነው። ሐኪሟ ወጣት ነች፤ በትሕትና ጠየቀችኝ።

«አባባ፣ በልጅነትዎ ምላጭ ተጋርተው ያውቃሉ?»

ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ በጉሮሮዬ ቀረ። ነገርኳት። እሷ አልሳቀችም። ቫይረሱ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ ሰባት ቀን በሕይወት እንደሚቆይ፣ በዚህ ረገድ ከኤች.አይ.ቪ. ይልቅ እጅግ ጠንካራ እንደሆነ፣ በሕፃንነት የያዘው ሰው ደግሞ አብሮት የመኖሩ ዕድል ከፍተኛ እንደሆነ አስረዳችኝ። ከእናቴ ሊሆን ይችላል፤ ከጨዋታ ቁስል ሊሆን ይችላል፤ ከምላጭ ሊሆን ይችላል። ማን ነገረህ ብሎ የሚመሰክር የለም። ባለቤቴና ልጆቼ ተመረመሩ፤ ነጻ ናቸው፤ ተከተቡ። ክትባቱ ለአገራችን ሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። እኔ ወረፋው ላይ አሥራ ሰባተኛ ሆኜ ስቀመጥ ገና ሃያ ሰባት ዓመት ይቀረው ነበር። ይኸው እስከዛሬ በየስድስት ወሩ ጉበቴን አስመረምራለሁ። እስካሁን ደኅና ነኝ፤ ተመስገን።

እንግዲህ ምላጭ መቼ ይቀየራል ለሚለው ጥያቄ ሁለት መልስ አለው ማለት ነው። አንደኛው የስለት መልስ ነው። የአሜሪካ የቆዳ ሕክምና አካዳሚ ምክር ግልጽ ነው፤ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ከተላጩበት በኋላ ይቀይሩት። ከዚያ በፊትም ፀጉር ከጎተተ፣ ቆዳ ካቀላ፣ ዝገት ካሳየ ጊዜው አልፏል። ለመሆኑ ከፀጉር በ50 እጥፍ የሚጠነክረው ብረት በፀጉር እንዴት ይሸነፋል? ኤም.አይ.ቲ. በሚባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ተቋም ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት መልሱን አወጡ። ከመካከላቸው አንዱ የገዛ ጢሙን እየተላጨ ምላጩን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያይ ነበር። ስለቱ ቀስ በቀስ እየተሞረደ አያልቅም፤ ይሸረፋል። ፀጉሩ ጎበጥ ብሎ የስለቱን ጠርዝ በጎን ሲገፋው፣ ብረቱ ወጥ ባልሆነበት ቦታ ጥቃቅን ሽራፊ ይወጣል። ሽራፊው ሽራፊ ይወልዳል። ስለዚህ ፀጉርን በሞቀ ውኃና በሳሙና ማለስለስ ለቆዳውም ለምላጩም ይበጃል። ተላጭቶ ሲያበቁ ማጠብ፣ ውኃውን ማራገፍ፣ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ዕድሜው የሚረዝመው በዚህ ነው።

ሁለተኛው የደም መልስ ነው፤ ቁጥር የለውም። ምላጭ ከአንድ ሰው ወደ ሁለተኛው ሲሻገር ዕድሜው ዜሮ ነው። ዛሬ ከወረቀቱ ብትወጣም፣ እንደ መስተዋት ብታበራም፣ የወንድም ብትሆን፣ የባል ብትሆን ለሌላው አልቃለች። ይህን ጠንቅቆ የገባው ሰው ምላጭ በአዲስነቱ ነፍስ እንደሚያድንም ያውቃል። በየገጠሩ ለንጹሕ ወሊድ ከሚዘጋጀው ጥቅል ውስጥ ሳሙናና የእትብት ማሰሪያ ክር አለ፤ አንድ ያልተፈታ ምላጭም አለ። እትብት በአሮጌ ብረት ተቆርጦ ስንት ሕፃን በመንጋጋ ቆልፍ እንደተቀጠፈ የጋይንት እናቶች ይንገሯችሁ። አንዲት ምላጭ ናት፤ ልዩነቱ ቀድሞ ማን ነክቷታል የሚለው ብቻ ነው።

አሁን ወደ አሥራ ስምንተኛው ልጅ ልመለስ። ከእኔ ቀጥሎ የሚላጨው፣ የእኔ ደም ባልደረቀበት ምላጭ የሚላጨው ልጅ፣ እንደ እኔ አልኮበለለም። ድጓውን አወጣ፤ ገለበጠ፤ አስመሰከረ፤ መሪጌታ ሆነ። በ2010 ዓ.ም. ሆዱ አብጦ ሞተ። ጉበቱ ነው አሉ። ከማን ነው? ያልኳችሁን ደግሜ እላለሁ፤ የሚመሰክር የለም። ነገር ግን ከእኔ ወደ እሱ የተሻገረ እንደሆነስ ብዬ ሌሊት የማስበውን ከራሴ መደበቅ አልችልም። ለአርባው ተዝካር ሄድኩ። በሻንጣዬ ውስጥ ብዙ ፓኮ ምላጭ ነበረኝ።

ላጫችንን እዚያው አገኘኋቸው። መንኩሰዋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ጉልበት ስሜ ፓኮዎቹን ሰጠኋቸው፤ ለተማሪዎቹ ለየአንዳንዱ አንድ አንድ፣ ስማቸው በወረቀቱ ላይ እየተጻፈ እንዲታደል ለመንኳቸው።

«ሲዶለዱምስ?» አሉኝ።

«ይጣላል፣ አባ።»

«ተማሪ ምላጭ ይጥላል ብለህ ነው?»

«አንቱ ካዘዙ ይጥላል። ለራሱ ብርዕ ይቅረጽበት፤ ለራሱ ጥፍር ይቁረጥበት። ሰው ራስ ላይ ግን አይደርስም። ሲያልቅም ሕፃን በማያነሣው ቦታ፣ በቆርቆሮ ታሽጎ።»

ለረዥም ጊዜ ዝም አሉ። ምክንያቱን ነገርኳቸው፤ ደሜን፣ የሐኪሟን ጥያቄ፣ የሟቹን ሆድ። ሲያለቅሱ አየሁ። «በአውራ ጣቴ ነበር የምጠርገው» አሉ። የሁላችንንም ደም በአውራ ጣታቸው ጠርገዋል፤ እሳቸው ተመርምረው ያውቁ እንደሆነ መጠየቅ አቃተኝ። ቁጠባ ጽድቅ ነው ብለው እንዳሳደጉን፣ እሳቸውንም እንዲሁ አሳድገዋቸዋል። ማንን ልክሰስ?

በማግስቱ ጥዋት ስሰናበት ከደጀ ሰላሙ ጥግ ተማሪዎቹ ለመላጨት ተቀምጠው ነበር። አባ በመካከላቸው ቆመው ወረቀት ያከፋፍላሉ። ወረፋ የለም፤ እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ጓደኛው ይላጨዋል። ከሁሉ የሚያንሰው፣ አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ፣ ወረቀቱን ፈትቶ ምላጩን በፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል። አዲስ ነበረች። ቆሜ ሲላጭ አየሁት። አላለቀሰም።